ብርድ እንዳይመታው

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወቱ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብርድ። ፎቅ ጫፍ ላይ ቆሞ ድንጋይ ሲለጥፍ አይፈራም። ፎርማን አይፈራም። እኔን አይፈራም፤ እኔን የማይፈራ ሰው ደግሞ በሰፈራችን ብዙ የለም። ብርድ ግን ገና ስሙ ሲነሳ ኮሌታውን ይሰበስባል። በርና መስኮት ትይዩ ተከፍተው ካየ “ሰው ልትገድሉ ነው እንዴ?” ብሎ ይጮኻል። ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መሐል የተቀመጠውን ሰው ደረት ይዞ ይሄዳል ብሎ ያምን ነበር።

እሱ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም እንዲሁ ነን። ከሮቤ ጎባ በሚመላለስ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት የተሳፈረ ያውቀዋል። ከኋላ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው “ልጄ፣ ዝጋው እባክህ” ይላሉ። ሾፌሩ በመስታወት ይገላምጣል። ሰውዬው አፍሮ ይዘጋዋል፤ ከዚያ ሁላችንም የየራሳችንን ትንፋሽ መልሰን እየሳብን ጎባ እንደርሳለን። ብርዳችንም የሚቀለድበት አይደለም። ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይነጠፋል፤ ደጅ የተረሳ ውሃ ፊቱ በረዶ ይሠራል። ስለዚህ ብርድ ፈራ ብዬ ባለቤቴ ላይ አልፈርድም። የሚያናድደኝ ብርዱን ሲጠብቅ ሌላው በየት በኩል እንደገባበት አለማየቱ ነው። በሞተ ሰው መናደድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ስንጋባ የሚሠራው በመሮና በመዶሻ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድንጋዩ ከሚወጣበት አጠገብ፣ ሜዳ ላይ ጆንያ አንጥፎ ይቀመጣል፤ ነፋሱ የድንጋዩን ብናኝ እየጠረገ ይዞት ይሄዳል። ያኔም ስለ ነፋሱ ያማርር ነበር። ማታ ጣቱ ቆስሎ፣ ጥፍሩ ጠቁሮ ይመጣል እንጂ ሳል የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ገበያው አጠገብ፣ አንድ በረንዳ ላይ ማሽኔን ዘርግቼ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሁለታችንም ለክቶ መቁረጥ እንጀራችን ስለሆነ በዚህ እንግባባ ነበር። “ያንተ ከባድ ነው፣ የእኔ ቀላል ነው፤ ልዩነታችን ይኸው ነው” እያልኩ ስቀልድበት፣ “ያንቺ ቢበላሽ ይተረተራል” ይለኛል።

የሥራ ጓደኛው የአጋርፋ ሰው ነው። እሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን፤ ግን ከእናት ልጅ በላይ ነበሩ። ጓደኛው አማርኛውን በኦሮምኛ ዜማ ይናገራል፤ ባለቤቴ ደግሞ ኦሮምኛውን እየሰባበረ ይመልስለታል፤ እንዲህ እየተሰዳደቡ ይውላሉ። ልጃችንም እኔም ስንጠራው “የአጋርፋው” ነው የምንለው። ድንጋይ በሁለት በኩል ይዘው ሲያነሱ አንዱ “ያዝ” ሳይል ሌላው ይይዛል። ባለቤቴ ሲደክመው ከእኔ በፊት የሚያውቀው እሱ ነበር።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። በመብራት የሚሽከረከር ክብ ዲስክ ያለው መቁረጫ ነው። በመሮ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይጨርሰዋል፤ ጠርዙም እንደ ምላጭ ይወጣል። ሮቤ ውስጥ ሕንፃ በሕንፃ ላይ ሲነሳ ፊቱን የተቆረጠ ድንጋይ ማልበስ የሁሉም አምሮት ሆነና ሁለቱ ሰዎች ሥራ በዛላቸው። እኔም ደስ አለኝ። እጁ መቁሰሉ ቀረ፤ ማታ ሲመጣ ለጨዋታ የሚሆን ጉልበት ተረፈው።

ሜዳው ግን ቀረ። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ያለው ሕንፃው ሥር ነው። ያን ሰሞን የያዙት ሕንፃ ደግሞ ነፋስ የሚያፏጭበት ጥግ ላይ ነበር። ስለዚህ የባሕር ዛፍ አጣና ተከሉና ጣሪያውንም ዙሪያውንም በላስቲክ ሸፈኑት። መግቢያው ላይ ሌላ ላስቲክ እንደ መጋረጃ ሰቀሉ፤ ታችኛውን ጫፍ ነፋስ እንዳያነሳው በድንጋይ ጫኑት። ባለቤቴ ያን ቀን ቤት ሲገባ አዲስ ቤት የሠራ ሰው መስሎ ነበር። “አንዲት ቀዳዳ የለውም!” አለኝ። “ውስጡ እንደ ጓዳ ይሞቃል።”

ዲስኩ ላይ ውሃ እያፈሰሱ መቁረጥ እንደሚቻል ያውቁ ነበር፤ ይህን የማያውቅ ጠራቢ የለም። ውሃው ብናኙን ጭቃ አድርጎ መሬት ላይ ያስቀረዋል። ግን በዚያ የጠዋት ብርድ እጅህን አርጥበህ ማሽን ያዝ ቢሉት ማን እሺ ይላል? ጣት ይደነዝዛል። ሱሪና ጫማ ይረጥባል፤ እርጥብ ልብስ ለብሶ መዋል ደግሞ በእኛ ዘንድ ሞትን በገዛ እጅ መጥራት ነው። ስለዚህ በደረቁ ቆረጡ። በተዘጋ ላስቲክ ውስጥ፣ በደረቁ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ብርድ እንዳይመታቸው ብለው።

ማታ ልብሱን ደጅ ነው የማስወልቀው። ስታራግፊው የፉርኖ ዱቄት ይመስላል፤ ስታጥቢው ሳፋው ሥር ተኝቶ ይቀራል፤ በእጅ ስታሺው ግን ዱቄት አይደለም፣ ይቧጥጣል። ቅንድቡ፣ የአፍንጫው ጠርዝ፣ የጆሮው እጥፋት ነጭ ነው። ልጃችን ያኔ ተማሪ ነበረች። “አባዬ ሽማግሌ ሆነህ መጣህ” ትለዋለች። እሱም ወገቡን ጎበጥ አድርጎ፣ ምርኩዝ የያዘ መስሎ ቤቱን ይዞርላታል። እየሳቅን ውሃ እናፈስለታለን።

ሳሉ ሲጀምር ማንም ልብ አላለውም። በእኛ አገር ማን የማይስል አለ? ጎረቤት ሁሉ “ብርድ ነው” አለ። እሱም “ብርድ ነው” አለ። እኔም ብርድ ነው ብዬ ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር አዋጥኩት፣ ፌጦ አጠጣሁት፣ ደረቱን በቅቤ አሸሁት። የአጋርፋው ከቤቱ ወተት በጀሪካን ያመጣል፤ ግንበኛውም ጠራቢውም ወተት የዋጡትን አቧራ ከደረት ያጥባል ብለው ነው የሚያምኑት። ሁለቱም ከሥራ ሲወጡ አንድ አንድ ጣሳ ይጠጡና አፋቸውን ጠርገው ንጹሕ የሆኑ ይመስላቸዋል። ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ፣ አቧራው የሚሄደው ወደ ሳንባ፤ በየት ይገናኛሉ ብሎ የጠየቀ የለም።

ሳሉ ሲብስ ደግሞ ላስቲኩን አጠበቁት። በሽታው ብርድ ነው ከተባለ መድኃኒቱ ላስቲክ ነው። ሌላ ላስቲክ ደረቡበት። መጋጠሚያውን በሽቦ ሰፉት። የባለቤቴ ትንፋሽ በአጠረ ቁጥር ያቺ ቤት ትታፈን ነበር፤ እሷ በታፈነች ቁጥር እሱ ይብስበታል፤ ሲብስበት ብርዱ ገባ ይላል። አሁን ሳስበው ራሴን የምይዝበት ቦታ ይጠፋኛል።

አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ መርፌና ሽሮፕ ሰጡት። ትንሽ ተሻለውና ተመልሶ መጣ። አክታውን መረመሩ፤ ቲቢ አይደለም ተባለ። እሱ በደስታ ሊሞት! “አላልኩሽም? ብርድ ነው” አለኝ። እኔ ግን ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ፣ የሆነ ነገር የጣለ የሚመስል ሰው ሆኖብኝ ነበር። የጣለው ነገር የለም። ትንፋሽ እየጠበቀ ነው። እየጎተትኩ ጎባ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ የደረቱን ፎቶ መስኮት ላይ አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ ፎቶውን ትታ እሱን አየችና “አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?” አለችው።

“ድንጋይ ጠራቢ ነኝ።”

“በምን ነው የሚቆርጡት? በውሃ ነው በደረቁ?”

እሱ ሳይመልስ እኔ ቀደምኩ። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ልብሱ ዱቄት አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ባለቤቴ በጉልበቱ ይጎስመኛል፤ ነገር ያወጣሁበት መስሎታል። ዶክተሯ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ድንጋዩ ሲፈጭ የምናየው አቧራ ከባዱ እንደሆነ፣ እሱ አፍንጫ ላይ ቀርቶ እንደሚተፋ፣ የሚገድለው ግን ዓይን የማያየው ደቃቁ እንደሆነ ነገረችን። ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ አይወጣም፤ ሳንባው በዙሪያው ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳ ደግሞ አይተነፍስም። ከዩኒፎርም ቁራጭ የሰፋሁለትን የአፍ መሸፈኛ አወጣሁና አሳየኋት። በጣቷ ዳሰሰችው። “እጅዎ ይባረክ” አለችኝ፤ “ግን ለዚያ ብናኝ የጨርቅ ቀዳዳ የአጥር በር ያህል ነው።”

“መድኃኒቱስ?” አልኳት።

ፎቶውን ከመስኮቱ ላይ አወረደች። “ከዚያ ቦታ መውጣት” አለች። “የተጎዳው አይመለስም። ሥራውን ካቆሙም በኋላ ቢሆን በሽታው ሊቀጥል ይችላል። ካላቆሙ ግን ይፈጥናል።”

ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ ነበር። ቀና አለና “ዶክተር፣ ብርዱስ?” አላት።

“ብርዱ አይደለም፣ አባቴ። ብርድ ያስላል፣ ግን ይወጣል። ይሄ አይወጣም።”

ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንመለስ “ልጅቷ ጥሩ ናት” አለኝ። “ብርዱን ግን አታውቀውም። የቆላ ልጅ ሳትሆን አትቀርም።” ማልቀስ እፈልጋለሁ፣ መሳቅም መጣብኝ፣ ሁለቱም አልወጡም። መስኮቱ ዝግ ነበር።

የጀመርኩትን ሕንፃ ሳልጨርስ አልወጣም አለ። ቃል ሰጥቻለሁ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ድንጋይ ከጎኑ ጋር መግጠም አለበት፣ ሌላ እጅ ከገባበት ይበላሻል ይላል። ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ምሳውን አልሰጥም ብያለሁ። ሲያስጨንቁት ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ ያደርጋል፤ አገጩ ላይ። አገጩን ከአቧራ ሲጠብቅ ሰነበተ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሱሪ እየቆረጥኩ ሳለ የማሽኑ ድምፅ ከሩቅ ተሰማኝ። ቦታው ከበረንዳዬ ብዙ አይርቅም፤ ያ ፉጨት በየቀኑ ይሰማል፣ ለምጄዋለሁ። ያን ቀን ግን ድምፁ ውስጥ የእሱን ደረት የሰማሁ መሰለኝ። መቀሴን እንደያዝኩ ተነሳሁ። ደንበኛዬ “ወዴት ነው?” ስትለኝ ከበረንዳው ወርጄ ነበር። ደርሼ መጋረጃውን ስገልጥ ምንም አይታይም፤ ሁለት ነጭ ጥላ ብቻ። ላስቲኩ ላይ አንድ ቦታ የሚስማር ቀዳዳ ነበረች፤ በእሷ የገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ ብናኙ ሳይወርድ፣ ሳይወጣ ተንጠልጥሎ ይዞራል። ወንዶቹ በዚያ መሐል ቆመው ቀልድ ይቀላለዳሉ።

መቀሴን ላስቲኩ ላይ ሰክቼ ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት። ዞሬ የሌላውን ጎን ቀደድኩ። የእኔ መቀስ ብዙ ጨርቅ ቆርጧል፤ እንደዚያ ቀን ግን አልቆረጠም። ነፋሱ እንደ ሰው ገፍትሮ ገባ፤ አቧራው በአንዴ ተነሳና በሌላው በኩል መንገድ ላይ ወጣ።

“በብርድ ልትጨርሺን ነው!” ብሎ ጮኸ ባለቤቴ። ማሽኑን አጥፍቶ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሯል። ከላይ ያሉት ግንበኞች አጎንብሰው ያዩናል፤ አንዱ ሳቀ።

“ተወኝ፣ ብርድ ይግደልህ!” አልኩት። “ብርድ ከገደለህ ቢያንስ ስሙን አውቀዋለሁ!”

የአጋርፋው የያዘውን ድንጋይ አስቀምጦ ወደ እኔ መጣ። ሽፋሽፍቱ ነጭ ነው። “ኦብሲ፣ እህቴ፣ ኦብሲ” አለኝ፤ ታገሺ ማለቱ ነው። “አንተም ትሞታለህ” አልኩት። “ዶክተሯ ያለችውን ነግሮሃል?” ዞሮ ባለቤቴን አየው። አልነገረውም ነበር።

ባለቤቴ በሰው ፊት አዋረድሽኝ ብሎ ብዙ ቀን አኮረፈኝ። ላስቲኩንም በማግሥቱ በሲባጎ መልሶ ጠቀመው፤ የልብስ ሰፊ ባል አይደል፣ ስፌቱ ጥሩ ነበር። እኔም አኮረፍኩት። አሁን ቢሆን ያን ኩርፊያ በምን እንደምክሰው አላውቅም፤ ቤታችን ውስጥ እንደልቡ የሚናገርበት የመጨረሻው ወቅት ነበርና።

ላስቲኩን ያወረደው የአጋርፋው ነው። አንድ ጠዋት ሰፊ ድንጋይ ለሁለት ይዘው ሲያነሱ ባለቤቴ ድንጋዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና መሬት ተቀመጠ። ከንፈሩ ጠቁሯል። “ምን ሆንክ?” ሲለው እጁን ብቻ አወዛወዘለት። በባጃጅ ደግፎ ቤት አመጣው፤ አልጋ ላይ አስተኛው፤ ጫማውን አወለቀለት። ወጥቶ ደጃችን ላይ ቆመና “ያ ረቢ፣ ያ ረቢ” እያለ አለቀሰ። ከዚያ ሄዶ ያችን የላስቲክ ቤት ከነአጣናዋ ነቀላት። ሠራተኞቹ በብርዱ ሲጮሁበት “እሱን ሄዳችሁ እዩት፣ ከዚያ ስለ ብርድ አውሩልኝ” አላቸው።

እሱም ተመርምሯል፤ ምልክቱ የእሱም ደረት ላይ አለ፣ ግን ጥቂት ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ በደረቅ ድንጋይ ላይ ማሽን አያስነሳም። ጀሪካን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ በቀጭን ጎማ ዲስኩ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። መብራቱ እንዳይይዛቸው ገመዱን ከመሬት አንስቶ እንጨት ላይ አሰረው። ራቅ አድርጎ እሳት ያነዳል፤ የደነዘዘውን ጣት እየሄዱ ይሞቃሉ። እኔ ውሃ የማያስገባ ሽርጥ ሰፋሁላቸው። ማጣሪያ ያለውን፣ አፍንጫና አፍ ግጥም አድርጎ የሚይዘውን ማስክ ከአዲስ አበባ እስኪያስመጣላቸው ድረስ የአጋርፋው ባለ ሕንፃውን መውጫ መግቢያ አሳጣው። ይሄ ሁሉ ድሮም ማድረግ የሚቻል ነገር ነበር፤ ጀሪካኑም ነበረን፣ ጎማውም ነበረን።

ባለቤቴ ከሥራ ወጣ። ዶክተሯ ያለችውን ብሰማም ልቤ አልተቀበለውም ነበር፤ ያረፈ ሰው ይሻለዋል ብዬ ነው የማስበው። በረንዳዬ ላይ ፀሐይ የሚመታበት ወንበር አደረግኩለት፤ ቁልፍና ክር እያቀበለኝ ይውላል። ሾርባ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ የምችለውን ሁሉ አበላሁት። ጠበልም ሄድን። ፊቱ ትንሽ ይፈካል፤ ትንፋሹ ግን በየወሩ ያጥራል። አቧራው እዚያው ውስጡ ተቀምጦ ሥራውን ቀጥሏል። ባለቤቴ ሥራ ሲያቆም አቧራው አላቆመም።

ከሁሉ የከፋው ሰላምታው ነበር። እዚህ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። “አካም ጅርቱ? ነጋዻ? ኢጆሌን ነጋዻ?” ተብሎ ይጀመርና ልጆቹ፣ ከብቱ፣ እህሉ፣ ዝናቡ በየተራ ይጠየቃሉ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይመልሳል፣ መልሶ ይጠይቃል። ባለቤቴ በዚህ ጎበዝ ነበር፤ ገበያ ሄዶ ሳይገዛ ሰላም ሲል ውሎ የሚመጣ ሰው ነው። አሁን ግን “ነጋያ”፣ ሰላም ነው፣ ብሎ ያበቃል። ቀጥሎም የሚያውቀውን ሰው ከሩቅ ሲያይ መንገድ መሻገር ጀመረ። “ኮራ” አሉት። ሰው ኮራ አለው! አንድ የዲንሾ ሰው፣ የድሮ ወዳጁ፣ በረንዳዬ ድረስ መጥቶ “ምን አደረግነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሰውዬው ወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሰላምታውን ሁሉ እሱ ራሱ ጠየቀ፣ እሱ ራሱ መለሰ፤ ባለቤቴ ራሱን ብቻ እየነቀነቀ ሰማው።

ልጃችን ተመርቃ ገሰራ መምህርት ሆና ነበር። እዚያው የሚያስተምር ልጅ ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌዎቹ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ ይሁን አሉ። ባለቤቴ እጁን አነሳ። “ጥር ይሁን” አለ። ደግሞ ትንፋሽ ሰብስቦ “ሚያዝያ ይርቃል” አለ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ጥር ሆነ። እውነትም ሚያዝያ ሳይገባ ቀበርነው።

ከዚያ በኋላ ያለችውን ትንፋሽ ሁሉ ለአንድ ነገር ማስቀመጥ ጀመረ፤ ልጁን ለመመረቅ። አባት ያልመረቃት ሙሽራ ምን ይዛ ትወጣለች? ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው። በረንዳዬ ላይ ይለማመዳል። የልብስ ማሽኔን እግሬን አንስቼ አቆማለሁ፣ ድምፁ እንዳይሻማበት። የሚላቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ። የመጀመሪያው “ሳቅ የማይጠፋበት ቤት ይስጣችሁ” ነው። ሁለተኛው ሁሉም ሰው የሚለው ነው፤ “ወልዶ መሳም፣ ዘርቶ መቃም ይስጣችሁ።” ሦስተኛው ረጅም ነው፤ “እኔን ደካማውን ለዚህ ቀን ያደረሰ አምላክ፣ እናንተንም የልጆቻችሁን ሠርግ በጤና ለማየት ያድርሳችሁ።” ሁልጊዜ “አምላክ” ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቅበታል። ወንበሩን ጨብጦ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ፣ ዓይኑ እኔ ላይ ይቀራል።

“አሳጥረው” አልኩት።

“ሱሪ መሰለሽ?” አለኝ። እስኪተነፍስ ጠበቅኩት። “ይሄኛው ነው ዋናው።”

የሠርጉ ቀን ቤታችን ጢም ብሎ ሞላ። ለሙስሊም ወዳጆቻችን በራሳቸው እጅ የታረደ፣ በራሳቸው ድስት የተሠራ ለብቻው ነበር፤ የአጋርፋው ሲያስተናግድ ውሎ ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ መጥቶ ከባለቤቴ ጎን ቆመ። ልጄ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ሙሽራውም ሳመ። ባለቤቴ ልነሳ አለ። ተቀምጠህ መርቅ ቢሉት እምቢ አለ፤ የአጋርፋው ብብቱ ሥር ገብቶ አነሳው።

“ሳቅ የማይጠፋበት ቤት… ይስጣችሁ።” አሜን አልን።

ቆየ። ትከሻው ተነሳ። “ወልዶ መሳም… ዘርቶ መቃም… ይስጣችሁ።” አሜን አልን፤ የሴቶቹ እልልታ ሊጀምር ሲል እጁን አነሳና አስቆመው።

“እኔን… ደካማውን…” አለ።

ከዚያ ድምፅ የለም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቃል አልወጣም፤ እኔ ቃሉን ሁሉ ስለማውቀው ከከንፈሩ ላይ አነበብኩት፣ ለሌላው ግን አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ብቻ ነው። ልጄ ጎንበስ እንዳለች ናት። የሰው ዓይን መሬት ሲፈልግ አየሁ። ለዘመናት ድንጋይ ሲቆርጥ የኖረ፣ ፎቅ የወጣ ሰው፣ አሥር ቃል ፊት ለፊት ቆሞ አልወጣ አለው። እግዜርን በዚያች ሰዓት ተቀየምኩት፤ አልደብቅም።

ከንፈሩ እስኪቆም የጠበቀው የአጋርፋው ነው። ልክ ሲቆም፣ ምርቃቱ ጮክ ብሎ እንደተነገረ ሁሉ፣ በሙሉ ድምፁ “አሚን!” አለ። ያኔ ቤቱ በሙሉ “አሜን!” አለ፤ ደጅ የቆሙት ምንም ሳይሰሙ “አሜን!” ብለው ተቀበሉ፤ እልልታው ቀለጠ። ልጄ ተነሳችና አባቷን አንገቱ ሥር ሳመችው፤ መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ይዟት ሄደ።

ሰው ከወጣ በኋላ አልጋው ላይ በትራስ ደግፌ አስቀመጥኩት። ላቡን ጠረግኩለት። የአጋርፋው በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ባለቤቴ እጄን ያዘኝ።

“ጨረስኩት?” አለኝ።

“ጨረስከው።”

“ሦስተኛውን… ሰሙት?”

“አሜን ሲሉ አልሰማህም እንዴ?” አልኩት። መዋሸቴ ዛሬም አይቆጨኝም።

ዓይኑን ጨፈነ። ተኛ ብዬ እጄን ላነሳ ስል ጠበቅ አደረገው፤ የሚቀጥለውን ቃል እስኪያገኝ ድረስ እኔም የአጋርፋውም ጠበቅነው።

“እንግዲህ” አለ፣ “ልጄ ለልጆቿ ሠርግ ትደርሳለች።”